የሸራ ጀልባዬ ምሰሶ ከድልድዩ ሥር ያልፋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቼሳፒክ ቤይ በተባለው የአሜሪካ የባሕር ወሽመጥ ላይ በሸራ ጀልባ መውጣት ከጀመርኩ ወዲህ ወዳጆቼ አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ ድልድይ ነው። አይገርመኝም። እኛ ያደግንበት አገር ወንዝ ላይ ድልድይ ሲሠራ የሚታሰበው ጎርፍ ነው። ከሥሩ 60 ጫማ ምሰሶ ተሸክሞ የሚያልፍ ጀልባ ይኖራል ብሎ የሚያስብ የለም። እዚህ አሜሪካ ግን ከኖርፎክ ቨርጂኒያ ተነስቶ እስከ ፍሎሪዳ የሚወርደው የውስጥ የውሃ መንገድ ላይ በየተወሰነ ርቀት ድልድይ አለ። አንዳንዱ ይከፈታል። ብዙው አይከፈትም።

ከዚህ በታች የምጽፈው ስለማይከፈተው ነው። ልኬቱን በጫማና በኢንች አደርገዋለሁ፤ የአሜሪካ ካርታና የድልድይ ሰሌዳ በአብዛኛው በጫማ ነውና። 1 ጫማ 30 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። 65 ጫማ ደግሞ ወደ 20 ሜትር ይጠጋል።

ካርታው 65 ጫማ ይላል። የጀልባዬ ቁመት 63 ነው። ታዲያ ምን ያሳስበኛል?

ምናልባት ምንም አያሳስባችሁም። ግን ሁለቱም ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ማወቅ አለባችሁ። 65 የተባለው ውሃው የት ድረስ ሲሞላ ነው? 63 የተባለውስ ማን ለክቶት ነው? የምሰሶው ጫፍ ላይ ያለውን አንቴና ቆጥሮታል?

ሁለት ጫማ ትርፍ ወረቀት ላይ ሰፊ ይመስላል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን፣ ነፋስ ውሃውን ወደ ባሕሩ ዳር ሲገፋ፣ ያ ሁለት ጫማ ሙልጭ ብሎ ሊያልቅ ይችላል።

65 ጫማ የሚለው ከየት ተነስቶ የተለካ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ከአማካዩ ከፍተኛ ሙላት ተነስቶ እስከ ድልድዩ ሆድ ነው። የድልድዩ ሆድ የምለው በጀልባ መተላለፊያው ላይ ዝቅ ብሎ ያለውን ብረት ወይም ሲሚንቶ ነው። ባሕሩ እዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። የሙላቶቹ ሁሉ ከፍታ ለ19 ዓመት ተመዝግቦ አማካዩ ይወሰዳል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው አማካይ ከ1983 እስከ 2001 የነበረው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አማካይ ማለት ግማሽ ያህሉ ሙላት ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው 65ን “ከዚህ በታች ፈጽሞ አይወርድም” ብሎ ያነበዋል። ይወርዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱ ከአማካዩ በአንድ ጫማና ከዚያም በላይ ሊበልጥ ይችላል። ያኔ 65 የተባለው ድልድይ 64 ወይም 63 ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ሌላም አለ። የዚያ የ19 ዓመት መካከለኛ ዓመት 1992 ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ ከፍ ብሏል። ኖርፎክ አካባቢ መሬቱም ስለሚሰምጥ ውሃው በዓመት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሲጨምር ቆይቷል። በ30 ዓመት ውስጥ ይህ ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ድልድዩ ግን አላደገም።

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ፣ የእናንተ አዳዲስ ካርታዎች የሚነሱት በሥነ ፈለክ ስሌት ከሚጠበቀው ከሁሉ ከፍተኛው ሙላት ነው። ያ የበለጠ ጥንቁቅ ነው። የምትጠቀሙበት ካርታ ከየትኛው እንደሚነሳ ግን ጠርዙ ላይ ያለውን ማብራሪያ አንብቡ።

ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ ስንት ጫማ እንዳለ እንዴት ላስላ?

ሦስት ቁጥር ይበቃችኋል። የመጀመሪያው ካርታው ላይ ያለው የድልድዩ ከፍታ ነው። ሁለተኛው በዚያ ቦታ አማካዩ ሙላት ከሙላትና ጉድለት ሰንጠረዡ ዜሮ በላይ ስንት ጫማ እንደሆነ። ሦስተኛው እናንተ በምትደርሱበት ሰዓት ውሃው ስንት ጫማ እንደሚሆን። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር አስተዳደር፣ ኖኣ፣ በነፃ ያወጣቸዋል።

ከአማካዩ ሙላት ላይ የሰዓቱን ከፍታ ቀንሱ። የቀረውን ከድልድዩ ከፍታ ጋር ደምሩ።

ጆርጂያን እንውሰድ፤ እዚያ ውሃው ብዙ ይወጣል ይወርዳል። አማካዩ ሙላት 7 ጫማ ነው እንበል። እናንተ ስትደርሱ ውሃው 3 ጫማ ተኩል ላይ ነው። 7 ሲቀነስ 3.5፣ 3.5 ይቀራል። 65 ላይ ሲደመር 68 ጫማ ተኩል። ሰፊ ነው። በሌላ ቀን፣ ጨረቃ ስትሞላ፣ ውሃው 8.2 ላይ ሆኖ ደረሳችሁ። 7 ሲቀነስ 8.2፣ ከዜሮ በታች 1.2 ነው። 65 ወደ 63.8 ወረደ። ድልድዩ ያው፣ ጀልባው ያው።

ውሃው የሚወርደው በእኩል ፍጥነት እንዳልሆነም አስታውሱ። ስድስት ሰዓት ያህል ከሚፈጀው ጉድለት ውስጥ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሰዓት ትንሽ ብቻ ይንቀሳቀሳል። መካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ላይ ይሮጣል። 7 ጫማ በሚወርድበት ቦታ በሦስተኛው ሰዓት ብቻ 1 ጫማ ከ9 ኢንች ያህል ይወርዳል። ሰዓት ስትመርጡ ይህን ተጠቀሙበት።

የምሰሶዬን ቁመት የጀልባው ወረቀት ላይ ካለው ልውሰድ?

አትውሰዱ። ራሳችሁ ለኩት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

እኔ ያገለገለ ጀልባ ስገዛ ወረቀቱ ላይ “61 ጫማ” ይል ነበር። የሸጠልኝም ሰው ይህንኑ ነገረኝ። አምኜ አንድ ክረምት ሙሉ እቅድ አወጣሁበት። ኋላ አንድ ልምድ ያለው ጎረቤት “ለክተኸዋል?” ብሎ ጠየቀኝ። አልለካሁም ነበር።

የለካሁት እንዲህ ነው። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ጀልባው ማሪናው ላይ እንደታሰረ፣ ረጅም የብረት ሜትር ዋናውን ሸራ ከሚስበው ገመድ ጫፍ ላይ አሰርኩ። ከሜትሩ ጋር አንድ ቀጭን ሲባጎም አሰርኩ፤ ሜትሩ ቀላል ስለሆነ ላይ ከወጣ በኋላ በራሱ አይወርድም። ያለ ሲባጎ የሰቀለ ሰው ምሰሶው ላይ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ከዚያ ገመዱን እስኪያቅተው ድረስ ሳብኩ።

ከገመዱ መቆለፊያ እስከ ጀልባው ወለል 57 ጫማ ከ4 ኢንች። ከወለሉ እስከ ውሃው 4 ጫማ ከ2 ኢንች። ገመዱ እስከ ምሰሶው ጫፍ ድረስ ስለማይደርስ ከመቆለፊያው እስከ ጫፉ ያለው 8 ኢንች ተጨመረ። እስካሁን 62 ጫማ ከ2 ኢንች ነው። ከዚያ ከጫፉ በላይ የቆመው የራዲዮ አንቴና፣ 3 ጫማ ከ1 ኢንች። ድምሩ 65 ጫማ ከ3 ኢንች ወጣ።

ወረቀቱ ላይ ካለው በ4 ጫማ ከ3 ኢንች ይበልጣል። ደግሜ ለካሁት። ያው ነው።

ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፦ ፋብሪካው ባዶውን ምሰሶ ይለካል። አንቴናውን፣ የነፋስ ጠቋሚውንና የመልህቅ መብራቱን የሚሰቅለው ባለቤቱ ነው። ከዓመታት በፊት የነበረ ባለቤት ምሰሶውን ቀይሮትም ሊሆን ይችላል። እኔ አንቴናውን አውርጄ ከኋላ ያለው የብረት አጥር ላይ አሰርኩት። ከፍታው ስለቀነሰ ራዲዮው የሚደርስበት ርቀት አጥሯል፤ ይህን አውቄ ነው የተቀበልኩት። አሁን ከሁሉ በላይ ያለው የነፋስ ጠቋሚው ነው፤ ከምሰሶው ጫፍ 10 ኢንች ይወጣል። ጀልባዬ ልክ 63 ጫማ ሆነ።

ስትለኩ ሁለት ነገር አትርሱ። ጀልባው ባዶ ሲሆን ከፍ ብሎ ስለሚንሳፈፍ የውሃና የነዳጅ ታንኩ ጎደል ሲል ለኩ፤ የምትፈልጉት የባሰውን ቁጥር ነው። የጨርቅ ሜትር ደግሞ ይለጠጣል፤ ብረት ይሻላል።

ስሌቱ ያልፋል እያለኝ ዓይኔ ለምን ይመታል ይለኛል?

ዓይናችሁ የቆመው የተሳሳተ ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው ላብ በላብ ይሆናል። እኔም እጄ ከመሪው አልላቀቅ ብሎኝ ነበር።

ነገሩን በቁጥር እንየው። መሪው ጋ ስትቆሙ ዓይናችሁ ከውሃው 7 ጫማ ያህል ከፍ ይላል። ምሰሶው ከፊታችሁ 15 ጫማ ላይ ቆሟል። ጫፉን ለማየት አንገታችሁን ወደ ሰማይ ትሰብራላችሁ፤ 75 ዲግሪ ያህል። ድልድዩ ገና 300 ጫማ ይርቃል። ሆዱን ለማየት 11 ዲግሪ ብቻ ቀና ማለት ይበቃል። ስለዚህ ምሰሶው ከድልድዩ በላይ ሽቅብ የሄደ ይመስላል። እየቀረባችሁ ስትሄዱ ድልድዩ ከፍ ከፍ ይላል። ሁለቱ እኩል የሚመስሉት ግን ምሰሶው ድልድዩ ሥር ሊገባ ምንም ያህል ሳይቀረው ነው። 10 ጫማ ትርፍ ቢኖራችሁም ትርዒቱ ያው ነው።

ታዲያ ከመሪው ጋ ሆኖ በዓይን መገመት አይቻልም። በዓይን የሚለይ አንድ ቦታ ቢኖር የምሰሶው ጫፍ ነው። እዚያ የታሰረ ካሜራ ቢኖራችሁ፣ ምስሉ ላይ አድማሱን ፈልጉ። ከአድማሱ መስመር በላይ የሚታየው ሁሉ ከካሜራው ከፍ ያለ ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለው ዝቅ ያለ ነው። የድልድዩ ሆድ ከአድማሱ በላይ ከታየ ካሜራው ያልፋል። ግን አድማሱ በዛፍ የተጋረደበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ይህን ለማረጋገጫ እንጂ ለውሳኔ አልጠቀምበትም።

ድልድዩ እግር ላይ የተጻፈው የቁጥር ሰሌዳ ይታመናል?

ካለና ከተነበበ፣ ከሁሉ የተሻለ ምስክር እሱ ነው። ቁጥሮቹ ከላይ ወደ ታች እየጨመሩ ይሄዳሉ። ውሃው የነካው ቁጥር በዚያች ደቂቃ ከውሃው እስከ ድልድዩ ሆድ ያለው ከፍታ ነው። ጨረቃውም ነፋሱም ዝናቡም አብረው ተቆጥረዋል። ስሌታችሁና ሰሌዳው ካልተስማሙ ትንሹን ቁጥር እመኑ።

ከሩቅ በመነጽር አንብቡት። የታችኞቹን ቁጥሮች ቀንድ አውጣ መሳይ የባሕር ፍጥረታትና አረንጓዴ ዝቃጭ ስለሚሸፍኗቸው ከላይ ከሚነበበው ጀምሮ መቁጠር ይቀላል። ሰሌዳ የሌለው ድልድይም፣ ቀለሙ የጠፋም ይገጥማችኋል።

ሆዱ ቅስት የሆነ ድልድይ መሃሉ ላይ ከሰሌዳው የበለጠ ከፍታ ሊኖረው ይችላል። ማታ የመተላለፊያው መሃል በአረንጓዴ መብራት ይታወቃል፤ ቀዩ ዳርቻውን ያሳያል። አረንጓዴው መብራት ግን አንዳንዴ ከብረቱ ዝቅ ብሎ ስለሚንጠለጠል ትርፋችሁ ጠባብ ከሆነ በቀጥታ ሥሩ አትሂዱ። ወደ ጎን ትንሽ ፈቀቅ በሉ።

ሁሉም የማይከፈቱ ድልድዮች 65 ጫማ ናቸው?

በአትላንቲክ በኩል ባለው የውስጥ መንገድ ደንቡ 65 ነው። ግን ሁለት ስም ያዙ።

ማያሚ ያለው የጁሊያ ተትል ድልድይ 56 ጫማ ብቻ ነው። ረጅም ምሰሶ ያላቸው ፎርት ላውደርዴል ላይ ወደ ውቅያኖስ ወጥተው ማያሚ ላይ ተመልሰው ይገባሉ። ሰሜን ካሮላይና ያለው የዊልከርሰን ድልድይ ደግሞ 65 ይባል እንጂ 64 ነው እየተባለ በመርከበኞች ዘንድ ለዓመታት ሲነገርለት ኖሯል። እዚያ ቦታ ላይ የጨረቃ ሙላትና ጉድለት የለም ማለት ይቻላል። ውሃውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ነፋስ ነው። ለቀናት ከአንድ አቅጣጫ የነፈሰ ነፋስ ውሃውን አንድ ጎን ላይ ይቆልለዋል። ስለዚህ “ሲጎድል እናልፋለን” የሚለው እቅድ እዚያ አይሠራም። ነፋሱ እስኪዞር መጠበቅ ነው።

ፍሎሪዳን አቋርጦ በኦኪቾቢ ሐይቅ በኩል የሚሄደው መንገድ 49 ጫማ ላይ ይገድባችኋል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል ያለው ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እኛ ጋ ቼሳፒክ ላይ ትልቁ የቤይ ድልድይ 186 ጫማ ስለሆነ የሚያስጨንቅ አይደለም። የፖቶማክ ወንዝን ሽቅብ ለምትሄዱ፣ የዊልሰን ድልድይ ይከፈታል። ከዚያ በላይ ዋሽንግተን ውስጥ ያሉት የ14ኛው ጎዳና ድልድዮች ግን ዝቅተኛ ናቸው፤ ምሰሶ ይዞ ማለፍ አይታሰብም።

ውሃው ሲጎድል ማለፍ ከሁሉ ይሻላል ማለት ነው?

ለምሰሶው አዎ። ለጀልባው ሆድ ግን አይደለም። ውሃው ሲወርድ ከላይ ይሰፋል፣ ከታች ይጠባል። የውስጥ መንገዱ በብዙ ቦታ በአሸዋ ይሞላል፤ ጆርጂያ ውስጥ በሙሉ ጉድለት ሰዓት መሬት የሚነኩ ጀልባዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ካርታው ላይ ከድልድዩ በፊትና በኋላ ያለውን ጥልቀትም እዩ። ስሌቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች።

ድልድዩን እንዴት ነው የምጠጋው?

ቀስ ብሎ፣ ሸራ አውርዶ፣ በሞተር፣ ከተቻለ ወራጁን ውሃ ፊት ለፊት ገጥሞ። ወራጁ ከፊት ሲመጣ፣ ብታመነቱ፣ ጋዝ ስትቀንሱ ራሱ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። ከኋላ ሲገፋችሁ ግን ሐሳባችሁን ብትቀይሩም ውሃው አይቀይርም። ወራጁ የሚያርፍበት ሰዓት፣ ጉድለቱ አልቆ ሙላቱ ከመጀመሩ በፊት ያለው፣ በጣም ጥሩ ነው።

አንድ ሰው ወደ ጎን ቆሞ ወደ ላይ ይመልከት። የሞተር ጀልባ በአጠገባችሁ እየሮጠ ከሆነ ሞገዱ እስኪያልፍ ጠብቁ፤ አንድ ጫማ ሞገድ ምሰሶውንም ያነሳዋል። የማይከፈት ድልድይ ላይ በራዲዮ የምትጠይቁት ጠባቂ የለም። መልህቁ ደግሞ ለመጣል ዝግጁ ይሁን።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2025 የሜክሲኮ ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከብ ኩዋውቴሞክ ኒው ዮርክ ላይ ከቆመችበት ለቅቃ ስትወጣ ወደ ኋላ ተወስዳ የብሩክሊን ድልድይን መታች። የሦስቱም ምሰሶዎቿ ጫፎች ተሰበሩ። 277 ሰው ተሳፍሮባት ነበር፤ ሁለት ወጣቶች ሞቱ። መርከቧ በድልድዩ ሥር የማለፍ እቅድ አልነበራትም። ድልድይ አጠገብ ስትሆኑ፣ ለማለፍ ባታስቡም፣ ሞተሩ ቢጠፋ ውሃው ወዴት እንደሚወስዳችሁ አስቀድማችሁ እወቁ።

ጀልባውን ወደ ጎን አዘንብሎ ማሳለፍ ይቻላል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። 20 ዲግሪ ቢያዘነብል 66 ጫማ የነበረው ወደ 62 ይጠጋል። ውሃ የተሞሉ ከረጢቶችን በአንድ ጎን አንጠልጥለው የሚያደርጉት አሉ። ነገር ግን ይህ በልምድ የሚሠራ ሥራ ነው። ከረጢቱ ቢወዛወዝ ወይም ቢበጠስ ጀልባው ቀና የሚለው ድልድዩ ሥር ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

የኤሌክትሪክ ሽቦስ?

ሽቦ ከድልድይ የባሰ ነው። የአሉሚኒየም ምሰሶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከፍተኛ ኃይል ያለው ሽቦ ደግሞ ሳትነኩትም፣ ስትቀርቡት ብቻ፣ ዘሎ ሊመታ ይችላል። ሽቦ በሙቀት ይረግባል፤ በበጋ ቀትር ከክረምቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለድልድይ በቃኝ ያላችሁት ትርፍ ለሽቦ አይበቃም። ብዙ ጫማ ይኑራችሁ፤ ካልሆነ በሌላ መንገድ ሂዱ።

ትንሽ ጀልባ በመኪና የምትጎትቱም ይህን አስቡ። ውሃው ዳር ምሰሶውን ከማቆማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ። ምሰሶው ቆሞ ጀልባውን በጋሪው እየገፉ ሽቦ ነክተው የሞቱ ሰዎች አሉ።

ትርፉ ስንት ጫማ ሲሆን ልለፍ?

እኔ ለራሴ 2 ጫማ ብያለሁ። ከዚያ ካነሰ እጠብቃለሁ። መጠበቅ የሚጠይቀው ሁለትና ሦስት ሰዓት ነው። የተሰበረ ምሰሶ የሚጠይቀውን ገንዘብ ግን የተጠየቀ ሰው ያውቀዋል፤ ወድቆ የሚመታውን ሰው ሳንቆጥር።

አንድ ኅዳር ወር ጆርጂያ ላይ ጨረቃ በሞላችበት ሰሞን አንድ ድልድይ ጋ ደረስን። ሙላቱ ገና አሁን ጨርሶ ነበር። ሰሌዳው 64 ይላል። ጀልባዬ 63 ነው። አንድ ጫማ አለ። ከኋላችን የመጣ ጀልባ ሳይቆም አለፈ፤ አብሮኝ የነበረው ወንድሜም “ያልፋል እኮ” አለኝ። ምናልባት ያልፍ ነበር። ከመተላለፊያው ወጣ ብለን መልህቅ ጣልን። ምሳ በላን። ወንድሜ በየሩብ ሰዓቱ መነጽሩን እያነሳ ቁጥሩን ይነግረኝ ጀመር። የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ውሃው ፈቀቅ ያለ አይመስልም ነበር። ሁለተኛው ላይ ሮጠ። ሰሌዳው 66 ሲል መልህቁን አነሳን።